የተራራው ጠጠር

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተ ስሌቱን ሦስት ጊዜ የሚያርም።»

ይህን ያሉት ጡረታ የወጡ የአየር ጠባይ መምህር ናቸው። ፊታቸው የተቀመጠው የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ለደጋው አገር ትንበያ የሚያወጣ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ውርጭ የለም አለ፤ እኔም ለገበሬው የለም አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ወረደ። ስሌቱን ደጋግሜ ባየው ስህተት አጣሁበት። ሥራውን ልተወው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ያ ሰው በአንድ ረጅም ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ ነበረ። ጥንቁቅ በመሆኑ መንደሩ የውርጭ ጠባቂ አድርጎ መረጠው። ሥራው ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቶ «ዛሬ ውርጭ አለ» ወይም «የለም» ማለት ነው። አለ ካለ መንደርተኛው በየማሳው ዳር ኩበትና እርጥብ ገለባ ያጨሳል፤ ጭሱ ሰብሉ ላይ ተኝቶ ያድርና ከብርዱ ይጋርደዋል። ኩበት ግን ማገዶ ነው፤ በከንቱ አይጨስም።

ገበሬው በገበቴ ውስጥ አራት ጠጠር ያስቀምጣል፤ ለሰማይ፣ ለነፋስ፣ ለአፈር፣ ለተራራ። ብርድ የሚያመጣ ምልክት ካየ ነጭ ጠጠር ያኖራል፤ ካላየ ጥቁር። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ነጭ ከሆኑ ውርጭ አለ ይላል። ሰማዩን፣ ነፋሱንና አፈሩን በየምሽቱ ይመረምራል። ለተራራው ግን በተመረጠ ቀን ቀና ብሎ ባዶ መሆኑን አይቶ ጥቁር ጠጠር አኖረለት፤ ዳግም አልነካውም። «ተራራ ወዴት ይሄዳል?» ይል ነበር።

በአንድ ጥቅምት፣ ባቄላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ ጉም የተራራውን አናት ሸፈነው። በዚያ ሳምንት ገበሬው ሁለት ጊዜ «የለም» አለ፤ ሁለት ጊዜ ውርጭ ወረደ። ከባቄላ ማሳዋ በቀር ሌላ የሌላት አንዲት ሴት እኩሌታው ተቃጠለባት። ገበሬው ጠጠሮቹን እየደጋገመ ቢቆጥር ስህተት አላገኘም። ሹመቱን ሊመልስ ቆረጠ።

በዚያው ቀን ሴቲቱ ለቤቷ ክዳን የሚሆን ጓሳ ከተራራው አጭዳ ስትመለስ ሸክሟን ደጁ ላይ ጣለችው።

«እንካ፣ ይህንንም ቁጠረው!»

ከሣሩ መሃል የበረዶ ጓል ወደቀ።

«ከየት መጣ ይሄ?»

«ከየት ይመጣል? ከጉሙ በላይ ተራራው ነጭ ለብሶ ሰንብቷል። አንተ የምታየው ገበቴህን!»

ገበሬው ጓሉን በእጁ ዳሰሰው። ተነሥቶ ወደ ተራራው ወጣ። ጉሙን አልፎ በረዶው ላይ ቆመ። የፀሐዩ ብርሃን ከበረዶው እየተመለሰ ዓይኑን ወጋው፤ መሬቱ ግን አልሞቀም። ብርዱ በሸለቆው በኩል፣ እንደ ውሃ፣ ቁልቁል ወደ ማሳዎቹ ሲወርድ እግሩ ላይ ተሰማው።

ወርዶ የተራራውን ጠጠር ለወጠ። በዚያ ምሽት የነፋሱም የአፈሩም ጠጠር ጥቁር ነበር፤ ነጩ የሰማዩ ብቻ። በቀድሞው ስሌት ቢሆን «የለም» ነው። ገበሬው መንደርተኛው ፊት ቆመ።

«ዛሬ ውርጭ አለ። ልሳሳት እችላለሁ። ተራራው ግን ነጭ ነው፤ በእጄ ነክቼዋለሁ።»

«የለም ስትል ወረደ፤ አለ ስትል ሊቀር ነዋ!» አለ አንዱ። ሳቁበት። ሴቲቱ ግን ኩበቷን ተሸክማ ወደ ማሳዋ ሄደች፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏት።

ሲነጋ ከጭሱ ውጭ ያለው ሣር ሁሉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ሴቲቱ ከማሳዋ አንድ እሸት ቆርጣ ሰበረችው፤ ለምለም ነው። ግማሹን ለገበሬው ሰጠችው።

«ብላ፣ የጠጠር ጌታ» አለችው።

ገበሬው እሸቱን ይዞ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያውን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ያ ገበሬ አንተ ነህ፣ ልጄ። ገበቴውም ኮምፒውተርህ ነው። ሰማዩንና ነፋሱን በየሰዓቱ ትነግረዋለህ። ተራራውንስ ምን ብለህ ነው የጻፍክለት?»

ወጣቱ ቀና አለ። «ባዶ መሬት ብዬ። ከመስከረም ጀምሮ አልነካሁትም፣ ጋሼ።» ይህን ሲል ትከሻው ላላ።

«እንግዲህ ስሌትህ አልዋሸህም፤ የዛሬውን ተራራ ሳትነግረው ስለ ነገ ጠየቅኸው። ጥርጣሬህንም አትጣለው፤ ያልተነካውን ጠጠር ፈልግበት። አሁን ተነሥ፤ ላይኛው አገር ላሉት ደውልና ተራራው ዛሬ ምን ለብሷል ብለህ ጠይቅ። ለማታው ትንበያ ትደርሳለህ፤ ባቄላው ገና ማሳ ላይ ነው።»