ሥጋ ሥጋ የምትሸተው መኪና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳትም እንደ እኛ መኪና ይነዱ በነበረበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ከአሮጊት እናቱና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። እናቱን ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟት ከቤት መውጣት አቅቷታል። ከተራራው ማዶ ካለው ፍል ውሃ ብትነከር ይሻላታል ተባለ። አያ ጅቦም፣ መቼም እናት ናትና፣ ዓመቱን ሙሉ ቆጠበ። ጥሪቱ ለአዲስ መኪና ባይበቃም ላገለገለች ትንሽ መኪና ይሆናል።

እናቱ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። «ልጄ፣ ብዙ ነገር አልጠይቅህም» አለችው። «ጠዋት ስታስነሳት የምትነሳ፣ ቤንዚን የማታባክን፣ እኔንና ልጆችህን የምትይዝ ትሁን። መልኳ እንደፈለገ ይሁን።»

ደላላዋ እመት ቀበሮ ነበረች። ቀበሮን መቼም ታውቋታላችሁ። ሁለት መኪኖች አሳየችው። አንደኛዋ የኤሊ ናት፤ ግራጫ፣ በሯ የተጫረ፣ ከኋላ ወደ ላይ የምትከፈት። ኤሊ ራሷ መጥታ፣ ዝግ ብላ እንደምትነዳት፣ ዘይቷን በጊዜው እንደምትቀይር፣ ገበያ ደርሳ ስትመለስ የምትጠጣው ቤንዚን ከቁጥር እንደማይገባ ነገረችው። ሞተሯ ሳይሞቅ አስነስቶ እንዲሰማትም ለመነችው።

የአያ ጅቦ አፍንጫ ግን ወደ ሌላዋ ሄዷል። ሌላዋ ቀይ ናት። ለሥጋ ቤት ሥጋ ስታመላልስ የኖረች ናትና ወንበሯም ምንጣፏም ሥጋ ሥጋ ይሸታል። አያ ጅቦ ጭንቅላቱን በኋላ በሯ ከትቶ እዚያው ቀረ። ያ ሁሉ ጭነት ሞተሯን እንደጨረሰው ቀበሮ ታውቃለች። ለዚህም ነው ሲሞክራት በቀላሉ እንድትነሳ እሱ ሳይመጣ አስነስታ አሙቃ ያቆየቻት።

«አያ ጅቦ፣ ሞተሩን አታይም እንዴ?» አለችው ለወጉ ያህል።

«ሞተር ይበላል?» አላት ጭንቅላቱን ሳያወጣ።

«ኧረ አይበላም።»

«ታዲያ ምኑን አየዋለሁ? ይቺን ጨርሺልኝ።»

የኤሊን መኪና ጃርት ገዛት።

በማግስቱ ቀይዋ መኪና አልነሳ ብላ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ገፋት። አያ ጅቦ እናቱን ከኋላ አስቀምጦ፣ ልጆቹን አጠገቧ ደርድሮ ጉዞ ጀመረ። ዳገቱን ሲያጋምሱ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፤ ከዚያ ጸጥ አለች። ለማሠሪያ የሚሆን ሳንቲም በእጁ የለም። ጃርት በግራጫዋ መኪና ዳገቱን እያዘገመ መጣ። አያ ጅቦ እናቱን እንዲያሳፍርለት ቢለምነው፣ ውስጧ በጃርት ልጆች ጢም ብሎ ሞልቷልና እያዘነ አለፈ።

አያ ጅቦ መንገድ ዳር ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ከማዶ የፍል ውሃው እንፋሎት ሽቅብ ይወጣል።

«እማዬ፣ አፍንጫዬን ሰምቼ አንቺን ሳልሰማ ቀረሁ» አላት።

«ተወው ልጄ» አለችው በመስኮት እያየች። «እንፋሎቱ ከዚህም ይታያል። ደስ ሲል።»

አዝሎ ወደ ቤት መለሳት። ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ። እሷም ክረምቱን አልወጣችውም። አያ ጅቦ ከዚያ ወዲህ በዚያ ዳገት ሲያልፍ ወደ ማዶ ቀና ብሎ አያይም፤ ልጆቹ እንፋሎቱን ሲያሳዩት እንኳ እርምጃውን ያፈጥናል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቤተሰብ ብለን የምንገዛውን ነገር ለራሳችን አምሮት ከመረጥነው፣ መንገድ ላይ የሚቀርብን የምንወደው ሰው መሆኑን ነው።