የውድነሽ ፎቶና ቦታ የያዘው ሰርቨር

ተረት ተረት! «የላም በረት» የሚለውን ትታችሁ፣ ዛሬ «የፎቶ ቤት» በሉኝ።

ደሴ ውስጥ ባለ አሮጌ ፎቶ ቤት እማማ አስካለ አንድ ፎቶ ፈለጉ፤ በልጅነታቸው ከእህታቸው ከውድነሽ ጋር የተነሱትን። ቤት የነበረውን አይጥ በልቶታል። ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ቅጂው አለ።

«ውድነሽ ካረፈች ቆየች» አሏት ሠራተኛዋን ሐያትን። «አሁን ደግሞ መልኳ እየጠፋኝ ነው፣ ልጄ።»

ሐያት ፕሪንተሩን «አትም» አለችው። «ፕሮግራሙ ሳይሰጠኝ ምኑን?» አለ።

ፕሮግራሙን «ስጠው» አለችው። «ፎቶዎቹን የያዘው ሰርቨሬ ሳይነሳ ከየት አምጥቼ?» አለ። ፕሮግራሙ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ ውድነሽም ሳትታይ ቀረች።

ይሄ ሰርቨር ቨርቹዋል ነው። ቆይ ላስረዳችሁ! አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ እንደሚኖረው፣ አንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብዙ ሰርቨር ይኖራል። ሁሉም ግቢው የብቻው ይመስለዋል።

«ተነሳ» አለችው። «የፈቃድ ጠባቂዬ ላይሰንሱ ሳይፈቅድልኝ?» አለ። ሰርቨሩ አልነሳም አለ፣ ፕሮግራሙ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ ውድነሽም ሳትታይ ቀረች።

ላይሰንሱን «ፍቀድ» አለችው። «የተገዛሁት ለሁለት ሰርቨር ነው! መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሒሳቡ ሰርቨርና ያ አሮጌው ሰርቨር ቀድመው ተነሱ። አሮጌው ይውጣና እፈቅዳለሁ» አለ።

አሮጌውን «ውጣ» አለችው። «ጋሽ ፋንታሁን ሳያዙ ንቅንቅ አልልም!» አለ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው።

«ጋሽ ፋንታሁን፣ አሮጌውን ልዝጋው?»

«እንዳትነኪው! የአባቴ ኮምፒውተር እንዳለ የተገለበጠበት ነው። ስከፍተው ‹ፋንቱ፣ ምሳ በልተሃል?› ይለኛል፤ ከማረፉ በፊት ራሱ የጻፈው።»

ጋሽ ፋንታሁን አላዝም አሉ፣ አሮጌው አልወጣም አለ፣ ላይሰንሱ አልፈቅድም አለ፣ ሰርቨሩ አልነሳም አለ፣ ፕሮግራሙ አልሰጥም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ ውድነሽም ሳትታይ ቀረች።

እማማ አስካለ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ፋንቱ» አሉ፣ «የአንተው ዛሬ ቢተኛ ነገ ትቀሰቅሰዋለህ። የእኔዋን ማን ይቀሰቅስልኛል?»

ጋሽ ፋንታሁን ራሳቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ፤ «በልቻለሁ፣ አባዬ» ብለው ዘጉት።

አሮጌው ወጣ፣ ላይሰንሱ ፈቀደ፣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ ሰጠ፣ ፕሪንተሩ አተመ። ውድነሽ ታየች!

እማማ አስካለ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሮጡ ማለት ይቻላል። «አየሽ፣ ሐያት? አኩርፋ እኮ ነው! ከረሜላዋን በልቼባት!» እየሳቁ እንባቸው ወረደ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ የቤታችሁን የድሮ ፎቶ አሳዩኝ።