ያልተዘራው ቲማቲም

የከተማው ሹም አዲሱን የፍሳሽ ማጣሪያ ሲመርቁ በሬ ጥለው፣ ሰላጣ ከምረው ለላይኛው ሰፈር ደገሱ። ከማጣሪያው በታች ወንዙን የሚጠጣውን ሰፈር ግን ማንም አልጠራውም።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንዲት የታችኛው ሰፈር ጎመን ሻጭ “ማጣሪያው አይሠራም” ማለቷን ሹሙ ሰምተው በስብሰባ መሀል አስነሷት።

“ማስረጃሽን አሁኑኑ አምጪ! አለዚያ በስም ማጥፋት ዘብጥያ ትወርጃለሽ!”

ሻጯ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ቀይ ቲማቲም ፈትታ ፊታቸው አስቀመጠች።

“ጌታዬ፣ ለድግሱ ባንጠራም ሰላጣችሁ ደርሶናል። የቲማቲሙ ፍሬ ከሆዳችሁ ወጥቶ፣ ማጣሪያዎንም እንዳለ አልፎ፣ ማንም ሳይዘራው ወንዛችን ዳር በቀለ። ይቅመሱት እንጂ! ምን ያጸይፍዎታል? ከራስዎ የወጣ እኮ ነው።”