የአይጧ ከረጢት

ክፉ ቀን ሲመጣ ከቤት ቀድሞ የሚያዘው ምንድን ነው? እኔ እንጃ፣ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም። ተረት ተረት ልበላችሁ፣ እናንተም የላም በረት በሉኝ።

ወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት አራስ አይጥ ነበረች። ወንዙ ሞልቶ ጎርፍ ሲመጣ፣ ለልጇ መጠቅለያ ብላ ደረቅ ጥጥ በከረጢት ከተተች። ባሏ ግን ይሉኝታ የበዛበት ነበርና ጥጡን አውጥቶ ጣለው፤ ከረጢቱን ገብስ ሞላው።

«ምነው አንተ ሰው! ልጄን በምን ልጠቅልላት?»

«አጎቴ ቤት ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው? ምን ይሉናል!»

እሱ ከረጢቱን እንዳይርስ በራሱ ተሸክሞ፣ እሷ ልጇን በአፏ አንጠልጥላ፣ ዋኝተው አጎትየው የሚኖርበት ተራራ ላይ ደረሱ። አጎትየው «ምነው ተቸገራችሁ!» ብሎ ከረጢቱን ከራሱ የገብስ ክምር አጠገብ አስቀመጠው። ልጅቷ ግን ርሳ ትንቀጠቀጣለች።

«ጋሼ፣ ደረቅ ጥጥ ይኖራል?»

«ጥጥ እንኳ የለንም። ገብስ ግን እንደምታይው ሞልቷል፣ ብሉ እንጂ!»

እናትየው ደሟ ፈላ። ገብሱን መሬት ላይ ዘርግፋ በባዶው ከረጢት ልጇን ጠቀለለቻት።

«በዘመዶቼ ፊት አዋረድሽኝ!» አለ ባል።

«አንተ ደግሞ ልትገድላት ነበር!»

ይኸው እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል። ማን ይቅርታ ይጠይቅ ትላላችሁ? እስቲ ምከሩኝ።