የግራው የፊት ጎማ

አንዲት ዓይን አፋር መምህርት ያረጀች መኪና ነበረቻት። ዘወትር ጠዋት የጎረቤቶቿን ልጆች ጭና፣ ረጅሙን ቁልቁለት ወርዳ ትምህርት ቤት ታደርሳቸዋለች። አንድ ሰሞን ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ መጮኽ ጀመረች። አንዳንዴ ትጮኻለች፣ አንዳንዴ ጭጭ ትላለች። ዳሽቦርዱ ላይም የፍሬን መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

መካኒኩ ጋሽ ደርቤ መኪናዋን ይዞ ዞረ። ድምፅ የለም፤ መብራትም የለም።

«መኪናሽ እኔን ስታይ ጨዋ ትሆናለች፣ ቲቸር» አላት እየሳቀ። «ለመሆኑ ከየት በኩል ነው የሚጮኸው?»

«ከቀኝ» አለች።

የቀኙን የፊት ጎማ ፈታ። የፍሬኑን ሸራ ቀየረ፤ የጎማውን ዙር የሚያነበውን ሴንሰር ጠረገ። ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱ ተመለሰ። ደግሞ ወሰደችለት፣ ደግሞ ጠየቃት፣ ደግሞ «ከቀኝ» አለች። አሁንም የቀኙን ሴንሰር ከነሽቦው ቀየረላት። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሯ ሥር ጠልቆ ገባ። መኪናዋ በመከራ ቆመች። ልጆቹ ከኋላ ይዘፍኑ ነበር።

ጋሽ ደርቤ በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም።

«ቲቸር፣ ቀኙን ጨርሼዋለሁ። እውነት ከቀኝ ነው የሰማሽው? ሰው እኮ ነው የምትጭኚው።»

ለመምህርቷ ድምፅ ሁሉ የሚመጣው ከቀኝ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ይህን ባሏ እንኳ አያውቅም። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ በቀኟ እንዲሆን ግራ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። በግራዋ የተነገራትን ሳትሰማ ፈገግ ብላ ታልፋለች። «ኩራተኛ ናት» ሲሏት ችላ ኖራለች፤ «ደንቆሮ» ከመባል እሱ ይሻላት ነበር።

«ጋሽ ደርቤ...» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «በግራ ጆሮዬ አልሰማም። ከየት እንደሚጮኽ አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ቀኝ ቀኝ ስትይኝ?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔም ብሆን ግራውን ሳላይ ልሸኝሽ አይገባም ነበር» አለና ክሪኩን ወደ ግራ ጎተተ።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔት አልቋል። ጎማው ሲያጋድል ፍሬኑ ይጮኻል፣ ሴንሰሩም ይስታል፣ የፍሬኑ ሸራ ወደ ኋላ ስለሚገፋም ፔዳሉ ይጠልቃል፤ ቀጥ ሲል ሁሉም ጸጥ ይላል። መምህርቷ ይህን ስታይ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሊረዳን የሚመጣ ሰው የሚሄደው እኛ ባመለከትነው በኩል ነው። ድካማችንን ስንደብቀው ጎበዝ እጅ እንኳ ደህናውን ሲፈታ ይውላል። የታመመው መዞሩን ይቀጥላል፤ አብረውን የተሳፈሩት ግን አያውቁም።

ሊረዳዎት የመጣ ሰው «የቱ ጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ እርስዎ በእፍረት የት ነው የሚያሳዩት?