ሦስት ክዳን መድኃኒት

አንድ ጊዜ ከወንዝ ዳር ባለች ቆላማ መንደር የምትኖር እሜቴ ጦጢት ሠላሳ የመንደሪን ዛፎች ነበሯት። ዛፎቹ በየዓመቱ አበባ በአበባ ይሆናሉ፤ ፍሬም ይቋጥራሉ። ነገር ግን ፍሬው ሽንብራ ካከለ በኋላ ይረግፍና ጦጢት ዓመቱን ሙሉ የጎረቤት ደጅ ስትጠና ትከርማለች። ደጅ መጥናት ደግሞ ለጦጣ እንኳ ያሳፍራል።

በመጨረሻ ሙያ ያላት አንዲት ጉሬዛ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠቻት። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የፍሬ ማጽኛ መድኃኒት ነው።

«ዛፉ ራሱ በገላው ውስጥ የሚያመነጨው ነገር ነው» አለቻት ጉሬዛ። «ሲያንሰው ፍሬውን ይጥላል፤ እኛ ጥቂት እናግዘዋለን። ግን ስሚኝ ጦጢት፤ ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ ክዳን ብቻ! በልኩ ከሆነ ፍሬውን ያጸናል፤ ከበዛ ያው መድኃኒት ራሱ ያራግፈዋል።»

ጦጢት በዚያ ሰሞን ከዛፍ ወድቃ እግሯ ታስሮ ነበር። ጦጣ ከዛፍ ወደቀች ብላችሁ አትሳቁባት፤ እሷም በበቂ አፍራለች። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚረጭላት መፈለግ ነበረባት። ማን ይታመን? ዝንጀሮ ፍሬ ይለቅማል፤ ጃርት ሥር ይቆፍራል። ብዙ አሰበችና አያ ጅቦን አስጠራችው።

መንደሩ ሁሉ «አበደች!» አለ።

«ጅብ መንደሪን ሲበላ ያየ አለ?» አለች ጦጢት። ያየ አልተገኘም። ውኃ እንድታመላልስ እመት አህዪት ተመደበች፤ ጅቡም ላይነካት በመንደሩ ፊት ማለ። ጦጢትም ለጅቦ «ሥራህን እንደ ነገርኩህ ከሠራህ በማኅበራችን መካከል ትቀመጣለህ» ብላ ቃል ገባችለት።

ጅቦ ይህን ሲሰማ ሁለቱም ጆሮዎቹ ቆሙ። እስከዚያች ቀን ድረስ በዓለም ላይ «ግባ» ያለው ቤት አልነበረም። ድግስ ሲኖር ከአጥር ውጭ ሆኖ ያሸታል፤ ድንጋይ ይወረወርበታል፤ ይሄዳል። ኑሮው ይኸው ነበር።

ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ሥራ ተጀመረ። አህዪት ውኃዋን ታወርድና ሦስት ዛፍ ያህል ርቃ ትቆማለች። መሐላ መሐላ ነው፤ ጥርስም ጥርስ ነው። ጅቦ አንድ ክዳን ለክቶ ባልዲው ውስጥ ጨመረ። ውኃው መልኩን እንኳ አልለወጠም። ጅቦም «ይቺ ብቻ?» ብሎ ቅር አለው።

ቀበሮ ይህን ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ቀበሮ መንደሪን ትወዳለች፤ ዛፍ መውጣት ግን አትችልም። ስትበላ የኖረችው ከሌሎች ዛፎች በስሎ የረገፈውን ብቻ ስለሆነ ፍሬው ጸና ማለት ለእሷ ጾም ገባ ማለት ነው።

«እንደምን አደርክ አያ ጅቦ! ምነው እንዲህ ቆጠብክ?»

«አንድ ክዳን ብቻ ነው የተባልኩት።»

«እኔ ምን ቸገረኝ! ግን እስቲ ልጠይቅህ፤ እንግዳን አንድ ጊዜ ብቻ አጉርሰህ ትተወዋለህ?»

ጅቦ አሰበ። አጉርሶም ጎርሶም አያውቅም፤ ሲባል ግን ሰምቷል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል» አለ።

«አየህ! ዛፎቹ ቢቀየሙህስ? የሚያፋቅረው ሦስተኛው ነው። ጦጢት አንድ ያለችህ ስለሰሰተች ነው። መንደሪኑ ዱባ አክሎ ሲወርድ ማኅበሩ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበልሃል!»

በር ድረስ ወጥቶ! ጅቦ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማም። ስግብግብ ሥጋ ሲያጣ ምስጋና ይሰለቅጣል። ለእያንዳንዱ ባልዲ ሦስት ሦስት ክዳን ጨመረ። የመጨረሻዎቹን ዛፎችማ «ብሉ እንጂ! በሞቴ! ይቺን ብቻ!» እያለ ነበር የረጫቸው።

በሳምንቱ ቅጠሉ ተጠቀለለ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነፋስ መጣና ሠላሳውም ዛፍ ፍሬውን አራገፈ። መሬቱ እሸት ሽንብራ የተሰጣበት መሰለ። ቀበሮ ከሁሉ ቀድማ ደረሰችና አንዷን ፍሬ ነክሳ ተፋቻት። ያልበሰለ መንደሪን ኮሶ ነው፤ ብልጢት ይህን አላሰበችበትም ነበር።

ጦጢት በምርኩዝ እያነከሰች መጣች። አላለቀሰችም። ከረገፈው አንድ እፍኝ አነሣችና ጅቦን «ስንት ክዳን አደረግህ?» አለችው።

ጅቦ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሦስት ቢል ማኅበሩ ቀረ።

«አንድ» አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ቀበሮ ፈጠን ብላ «እንግዲያው የጎደለው ውኃው ነዋ!» አለች። «ባልዲው ካልሞላ አንዱ ክዳንም ይበዛል። ለመሆኑ ውኃ ያመላለሰው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ አህዪት ዞረ። አህዪት ጆሮዎቿን ጣለች። የለመደችው መጫን ነውና ይህንንም ጫኑባት።

«አቀበቱ ላይ አንዴ ተደናቅፌ ጥቂት ፈሶብኝ ነበር» አለች በቀስታ። «እንግዲህ እኔ ነኛ። እኔው ነኝ።»

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ጥፋተኛዋ ተገኘች ተባለ። እሑድ በማኅበሩ ፊት ቀርባ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ጦጢት ካልማረቻትም ከመንደር እንድትወጣ ተወሰነ።

ወደየቤታቸው ሲመለሱ ቀበሮ ጅቦን ተጠግታ «ከመንደር የወጣች አህያ የማን እንደሆነች መቼም አይጠፋህም» አለችው። «የማልከው ለመንደሯ አህያ ነው። ለተባረረች አልማልክም።»

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ሲውጥ ድምፁን ራሱ ሰማውና ደነገጠ። ከፊት ከፊቱ አህዪት አንገቷን ደፍታ ትሄድ ነበር። በምራቁ አፈረ። ጅብ በምራቁ ሲያፍር ያኔ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ ማኅበሩ ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። ጦጢት በቃሏ ጸንታ «ግባ አያ ጅቦ፤ ከጎኔ ተቀመጥ» አለችው። ቁርበት ተነጠፈለት፤ ያውም ሳይጠይቅ! ዕድሜ ልኩን የተመኘው ይህንን ነበር። አሁን ግን ቁርበቱ ይኮሰኩሰው ጀመር፤ ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል አልመች አለው።

አህዪት መጣች። በአገሩ ወግ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ይሸከማልና በጫንቃዋ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተጭኗል።

«በድዬሻለሁ ጦጢት። ለረሃብ የዳረግሁሽ እኔ ነኝ። ስለ ፈጣሪ ብለሽ ማሪኝ።»

ጦጢት ፊቷን አዞረች። ባዶዎቹን ዛፎች ታይ ነበር።

ቀበሮ ከኋላ ሆና በጅቦ ጆሮ «ዝም በል፤ ጥቂት ነው የቀረው» አለችው።

ጅቦ ከቁርበቱ ተነሣና ወደ አህዪት ተራመደ። ማኅበሩ «ሊበላት ነው! ያዙት!» እያለ ጮኸ። አህዪት ዓይኖቿን ጨፈነች። ጅቦ ተጠጋና ድንጋዩን ከጫንቃዋ አነሣው።

«አልበላሽም» አላት። «ድንጋዩ የእኔ ነው።»

ድንጋዩን በራሱ ጫንቃ ላይ አደረገና በጦጢት ፊት ቆመ። ቀና ብሎ ማንንም ማየት አልቻለም። «ሦስት ሦስት ክዳን ነው ያደረግሁት። ባልዲው ሙሉ ነበር። ቀበሮ መከረችኝ፤ የጨመረው እጅ ግን የእኔ ነው። አንድ ያልኩሽም ከዚህ ቁርበት ላይ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ቀበሮን ፈልገው ዞር ሲሉ በአጥሩ ቀዳዳ ወጥታለች። ማኅበሩ ጅቡን ብቻ ቢወነጅል ይቀለው ነበር፤ ነገር ግን ከሾላው ሥር የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ደፋ። በምስኪኗ ላይ ጥፋቱ ሲጫን አንድም «ቆይ» ያለ አልነበረምና። ጦጢት ደግሞ ከሁሉ የባሰ አፈረች።

«ጅቦን ስንት ብዬ ጠየቅሁት» አለች ለአህዪት፤ «ባልዲው ሙሉ ነበር ወይ ብዬ አንቺን ግን አልጠየቅሁሽም። ጥፋቴን አውቃለሁ።»

ጅቦ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድንጋዩን ተሸክሞ ቆመ። በመጨረሻ ጦጢት «አውርደው» አለችው። «የእኔን ይቅር ብዬሃለሁ። የእሷን እሷ ታውቃለች።»

ጅቦ ድንጋዩን አውርዶ ወደ አህዪት ዞረ። ጎንበስ ብሎም እጅ ነሣት። አህዪት ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ጥርሱንም አየችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ከኋላዬ ግን አትምጣብኝ።»

ጅቦም ቁርበቱ ላይ ተመልሶ ሳይቀመጥ አህዪት ከምትሄድበት በተለየ መንገድ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ መድኃኒት የሚያድነው በልኩ ሲሰጥ እንደሆነና ጥፋትም በሌላው ጀርባ ቢጫን ከባለቤቱ ጫንቃ እንደማይወርድ ነው።