እመት ኤሊና የማዶው ሸንጎ

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚያዛጋ አፉን ይክደን፣ የሚሰማ ጆሮውን ይክፈት።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አያ አንበሳ ነግሦ ይኖር ነበር። አገሩ ጠበበና ገሚሱ እንስሳ "ማዶ ተሻግረን ዕድላችንን እንሞክር" ብሎ በግንድና በደንገል ተሳፍሮ ሄደ። ማዶም ቁጥቋጦውን መነጠሩ፣ ምንጭ ቆፈሩ፣ ቀፎ ሰቀሉ፤ ኑሮ ሰመረላቸው። ንጉሣቸው ግን አሁንም አንበሳ ነበር። "አባታችን ነው" ይላሉ። ከሁሉም አብልጣ "አባታችን" የምትል እመት ኤሊ ነበረች። የተፈለፈለችው ከአንበሳ ግቢ አጠገብ ነው፤ ግሳቱ ትዝ ሲላት ልቧ ይሞቃል።

አንድ ዘመን አንበሳ ከነብር ጋር ሲዋጋ ከረመና ጎተራው ተራቆተ። "ማዶ ያሉት ጠግበዋል፤ እነሱ ይሙሉልኝ" አለ። ነጋሪቱን በአዞ ጀርባ ጭኖ ሰደደው። ነጋሪቱም ከማዶ ሲደርስ ጮኸ።

"ድም ድም! ስማ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የንጉሥ ጥፍር ያረፈበትን ቅጠል በአንገቱ ያላንጠለጠለ ከምንጩ አይጠጣ! የአንዱ ቅጠል ዋጋ አንድ ቀፎ ማር!"

አያ ከርከሮ በንዴት መሬቱን በጥርሱ ገመሰው። "ምንጩን የቆፈርኩት እኔ! የጠማኝ እኔ! ባለቤቱ እሱ?"

"ቀስ በል" አለችው እመት ኤሊ። "ጃንሆይ ሳያውቁ ነው። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

"አንቺ ሄደሽ እስክትመለሺ እኔ በጥም ልሙት?"

"እስከዚያው ማን ያይሃል? ዝም ብለህ ጠጣ።"

ቀዘፈች፣ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች። ደረሰችና አንበሳ ፊት እጅ ነሳች።

"ጃንሆይ፣ የከበደን ማሩ አይደለም። በሸንጎዎ ከእኛ ወገን አንድ እንኳ የተቀመጠ የለም። ያልመከርንበት አዋጅ እንዴት ይገዛናል?"

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። "መቼ ነው የተነሳሽው?"

"በመስከረም፣ ጃንሆይ።"

"አሁን ወሩ ምንድን ነው?"

"ኅዳር።"

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። አንበሳም ሳቀና "ለድካምሽ ስል ቅጠሉን ትቼላችኋለሁ። ነገር ግን ባሰኘኝ ጊዜ ባሰኘኝ ነገር ማዘዝ እንደምችል አትርሱ" አላት። እመት ኤሊ የፊተኛውን ቃል በደንብ ሰማች፤ የኋለኛውን መንገድ ላይ ውሃው አጠበባት። ማዶ ደርሳ "አላልኳችሁም? አባት እኮ ናቸው!" አለች። እልል ተባለ።

እልልታው ሳይበርድ ነጋሪቱ ዳግመኛ መጣ።

"ድም ድም! ከገደላችሁ ጨው መላስ ክልክል ነው! ከንጉሥ ግቢ የሚመጣውን አሞሌ ብቻ ላሱ! ዋጋውም ማር ነው!"

እመት ኤሊ ወዲያው ውሃ ውስጥ ገባች። ቀዘፈች፣ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች።

"አሞሌዬ አይጥምም?" አላት አንበሳ።

"ይጥማል፣ ጃንሆይ።"

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"መጠየቅ። ከመታዘዛችን በፊት መጠየቅ።"

አንበሳ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ከፈተና አዛጋ፤ አዛግቶም አንቀላፋ። ሦስት ቀን ቆማ ብትጠብቅ የሚቀሰቅሰው ጠፋ። ባዶ እጇን ተመለሰች።

እሷ በሌለችበት አዞዎች አሞሌውን ከማዶ ዳርቻ አራግፈው ነበር። አያ ከርከሮና ጓደኞቹ ማንም እንዳይለያቸው ጭቃ ተቀቡና አሞሌውን እያንከባለሉ ወደ ሐይቁ ወሰዱት።

"ኧረ በሕግ! ኧረ ልሟሟ ነው!" አለ አሞሌው።

"በሕግ ካልክማ ሕጉን ያወጣው ያውጣህ!" አለ ከርከሮ። ገፋው፤ ቡጭ! የሐይቁ ዓሦች ሳምንት ሙሉ አስነጠሳቸው።

እመት ኤሊ ስትደርስ ውሃው ጨው ጨው አላት። "ማን ነው ይህን ያደረገው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ ከርከሮ፣ ጭቃው ገና ከአፍንጫው ሳይደርቅ። "የሆነ ጭቃ የተቀባ እንስሳ ነው አሉ።"

"አያ ከርከሮ፣ አጠፋኸን።"

እውነትም ወሬው ሲደርሰው የአንበሳ ጎፈር በቁጣ ቆመ። ነጋሪቱ ሦስተኛ መጣ፤ ብቻውንም አልመጣም።

"ድም ድም! አርባ ጅቦች መጥተዋል! በየቤታችሁ ያድራሉ፣ የበሰለውን ይበላሉ፣ ለምን የሚል ወዮለት!"

ለእመት ኤሊ የደረሳት ጅብ ከጎጆዋ ቢገባ ጭንቅላቱ ብቻ ገባ፤ ወገቡ ደጅ ቀረ። እራቷን ጨርሶ በላና "ቤትሽ ይጠባል፤ ወጥሽም ጨው የለውም" ብሎ ወቀሳት። ጦጣ ልጆቿን ይዛ ዛፍ ላይ ማደር ጀመረች። ከርከሮ ከጉድጓዱ ተባረረ።

"አሁንስ?" አላት።

"አንድ ጊዜ ብቻ ታገሡኝ። ጃንሆይ ይህን ቢያውቁ አይፈቅዱም።"

ቀዘፈች፣ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች። ክንዷ ዛለ፤ ልቧ ግን ተስፋ ነበረው። ሸንጎው መካከል ቆማ "ጃንሆ..." ስትል አንበሳ አቋረጣት።

"ገልብጧት!"

ጅቦች በጀርባዋ ገለበጧት። አራት እግሯ ሰማይ ሲቀዝፍ ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። እመት ኤሊን ያመማት ጀርባዋ አልነበረም። አንበሳ "ይበቃል" እስኪል ጠበቀች። አላለም፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር። ከዚያም ረሳትና ምሳውን ሊበላ ሄደ። ፀሐይ ሆዷን እየጠበሳት እስከ ማታ ተንጋላ ዋለች። "አባታችን" የሚለው ቃል አፏ ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ።

አንድ ሽማግሌ ሽመላ በምንቃሩ ደግፎ መልሶ በእግሯ አቆማት። "ሂጂ እናቴ" አላት በሹክሹክታ። "ሁለተኛ አትምጪ።"

ማዶ ስትደርስ ሁሉንም ዋርካ ሥር ሰበሰበች። "እስከ ዛሬ ታገሡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ" አለች። "ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። አንዴ ሳቁ፣ አንዴ ተኙ፣ አንዴ ገለበጡኝ። አራተኛ አልጠይቅም። ከእንግዲህ ራሳችንን እንምራ።"

ከርከሮ ሊጮህ አሰበና ዓይኗን ሲያይ ትቶ ቁርበት አመጣ። ጦጣ በጃርት እሾህ በደላቸውን አንድ በአንድ ቁርበት ላይ ጻፈች፤ ሁሉም በኮቴው አተመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጠብ ነው። ሦስት ክረምት ተዋጉ። ማዶዎቹ ሜዳ ላይ አይገጥሙም፤ ረግረጉ ውስጥ ይሸምቃሉ። ጅቦቹ ጭቃው ሰለቻቸው፤ የአገራቸው ገደል ናፈቃቸው። በሦስተኛው ክረምት አንበሳም ነብር ከኋላ ሲነሳበት "እንደ ፍጥርጥራቸው!" ብሎ ጅቦቹን ጠራ።

በድሉ ማግስት ሕዝቡ ጦሩን የመራውን ከርከሮን ከበበ። "ንገሥልን! ንገሥልን!"

ከርከሮ ደስ አለው፤ ደረቱንም ነፋ። ቀና ሲል እመት ኤሊን አያት። እሷም አተኩራ ታየዋለች። ደረቱ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"እኔ ጉድጓዴን ነው የምፈልገው" አለ። "ሸንጎ ተቀመጡና ምከሩ። እኔንም እንደ ማንም ጥሩኝ።"

ሸንጎ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጉዳይ የአዲስ መንገድ ነበር፤ በየት በኩል ይውጣ? አንዱ በቆላው አለ፣ ሌላው በደጋው። ሰባት ቀን ተጨቃጨቁ። ጦጣ ራሷን ያዘች።

"ወይ ጣጣ! አንበሳ ቢሆን በአንድ ግሳት ይጨርሰው ነበር።"

"አዎ" አለች እመት ኤሊ። "እኛንም ጭምር።"

በስምንተኛው ቀን መንገዱ በቋጥኙ ላይ ይለፍ ብለው ተስማሙ። ወዲያው ከቋጥኙ ሥር ሽኮኮዎች ብቅ አሉ። ማንም ሐይቅ ሳይሻገር በፊት እዚያ የኖሩ ናቸው።

"ያልመከርንበት አዋጅ አይገዛንም ስትሉ ሰምተናል" አለች አንዲት አሮጊት ሽኮኮ። "በእኛ ቤት ላይ መንገድ ስታወጡ ማን ጠየቀን?"

ከርከሮ መሬት መሬት አየ። ኤሊ ዘገምተኛ ናት ይባላል፤ ያን ቀን ግን በሸንጎው ለሽኮኮዎቹ ቦታ ለመልቀቅ ማንም አልቀደማትም።

ያልመከሩበት ቀንበር ጫንቃ ይልጣል፤ የመከሩበት ሸክም ቢከብድም ካሰቡት ያደርሳል።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ የሰማችሁት ይበርክትላችሁ፣ የተናገርኩትም አፌን አያድርቀው።